ሎሚ የነካቸው ሉሎች

ባለሱቋ ሉል የምታየው ጠዋት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ የመጣ ደንበኛ ሐብሉን ትቶ እንዲሄድ ወይም በማግስቱ እንዲመለስ ትነግረዋለች እንጂ ለማንም ብላ ዋጋ አትናገርም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትዞር ከመንገዱ ማዶ ያለው የመኪና መሸጫ መስታወት ብርሃኗን እየመለሰ ሱቃችንን ቢጫ ያደርገው ነበር። በዚያ ብርሃን ሁሉም ሉል ያምራል። «አሁን ሁሉም ቆንጆ» ትለኝና ትስቃለች። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል በደንብ የምንግባባው።

ከቬትናም የመጣች፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴት ነበረች። ሱቋ ከምንኖርበት የቴክሳስ ሰፈር፣ ከሌክ ሃይላንድስ፣ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስበት፣ በጥፍር ማሳመሪያ ቤትና በልብስ ማጠቢያ መካከል የተጣበቀ ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ያስገባችኝ አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከአባቴ ጋር ወደ አሜሪካ ስንመጣ ያረፍነው እሷ ቤት ነበር፤ አባቴ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ እኔ እሷው ዘንድ ቀረሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ቋንቋም አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ሰው ፊት አፌን መክፈት ያስጨንቀኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰላምታው ስለሚያስፈራኝ አምልኮው ሳያልቅ ወጥቼ መኪናው አጠገብ እቆም ነበር።

አክስቴ ግን ማንንም አትፈራም። አንድ ቀን የሰዓቷን ባትሪ ልታስቀይር ስትገባ በሩ ላይ ሠራተኛ እንደሚፈለግ የሚናገር ወረቀት አየች። እጄን ይዛ ወደ ባንኮኒው ጎተተችኝ።

«ይቺ ልጅ አትናገርም» አለቻት። «ግን እጇ ጥሩ ነው። ጥልፍ ትጠልፋለች።»

ባለሱቋ ፊቴን አላየችም። ጣቶቼን ገልብጣ አየች፣ ጥፍሮቼን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ከዚያ መርፌና የሐር ክር ሰጠችኝ።

ሥራዬ የተበጠሰ የሉል ሐብል መልሶ መሰካት ነበር። በእያንዳንዱ ሉል መካከል ቋጠሮ ይገባል። ቋጠሮው ካለ ሉሎቹ እርስ በርስ አይፋተጉም፤ ክሩ ቢበጠስም አንዷ ትወድቃለች እንጂ ሁሉም አይበተኑም። ቋጠሮዬ የላላ እንደሆነ ባለሱቋ ምንም ሳትናገር በመቀስ ትቆርጠውና ከመጀመሪያው ታስጀምረኛለች። እጄ ሲለምድ ደግሞ ማየት ታስተምረኝ ጀመር።

ሉሏን መስታወት ላይ ታንከባልላታለች፤ የተንገዳገደችው ወደ ጎን ትወሰዳለች። ከዚያ መስኮቱ ፊት ትይዛታለች። ጥሩ ሉል ውስጥ መስኮቱ ራሱ ከነጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ደካማዋ ላይ ግን ወተት ውስጥ እንደገባ ይደበዝዛል። እውነተኛ መሆኗን ከተጠራጠረች የፊት ጥርሷ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጋ ትፈትጋታለች። እውነተኛዋ እንደ ደቃቅ አሸዋ ትኮሰኩሳለች፤ ከመስታወት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራችው ትንሸራተታለች። በቀዳዳዋ በኩል በማጉያ መነጽር አይታ ሽፋኗ ወፍራም ይሁን ስስ ትለያለች። ቀለሟን ለመለየት ግን የምታስቀምጣት የእኔ እጅ ጀርባ ላይ ነበር። ነጭ ጨርቅ ላይ ሁሉም ነጭ የነበሩት፣ ጠይም ቆዳዬ ላይ ሲቀመጡ አንዷ ወደ ሮዝ፣ አንዷ ወደ አረንጓዴ፣ አንዷ ወደ ቅቤ ስታደላ ይታየኛል። መጀመሪያ ሰሞን እጄን ሰው እንደዚያ ተጠግቶ ሲያይብኝ አፍር ነበር። በኋላ ጠዋት ስገባ ሳልጠየቅ እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርላት ጀመር።

ዋጋውን የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቆንጆ ሉል ማግኘት ቀላል ነው ትለኝ ነበር፤ ውዱ ነገር አንድ አንገት የሚሞሉ፣ እንደ እህትማማች የሚመሳሰሉ ሉሎችን ማግኘት ነው።

ያ ሱቅ አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ከጥፍር ቤቱ በግድግዳው ሾልኮ ይመጣ የነበረው የአሴቶን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ሽታ ይናፍቀኛል። ያኔ የልብስ ማጠቢያው ማሽኖች አንድ ላይ ሲሽከረከሩ ግድግዳችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትሪው ላይ ያሉት ሉሎችም እንደ በረዶ ፍሬ ይንጫጫሉ። ባለሱቋ እጇን ትሪው ላይ ጭና፣ እንደሚተኛ ሕፃን ዝም እስኪሉላት ትጠብቃለች። ምሳ ሰዓት ሩዟን ከእኔ ሽሮ ጋር እንቀያየር ነበር። ሽሮውን ስትቀምስ ዓይኗ እንባ ያቀራል፣ ግን አትተወውም።

ጊዜው ሥራ የቀዘቀዘበት ነበር። በየመንገዱ ዳር ወርቅ እንገዛለን የሚል ሰሌዳ ይዘው ፀሐይ ላይ የሚወዛወዙ ሰዎች ነበሩ። እኛም ሱቅ ብዙ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር አምጥተው ባንኮኒው ላይ እያስቀመጡ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በዚያው ዓመት የአክስቴ ልጅ ልታገባ ሆነ። እሷ እዚሁ ያደገች፣ አርሊንግተን ተምራ ፍሪስኮ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ እንደ እናቷ ደፋር ናት። ሙሽራው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው። ብቻቸውን ያሳደጉት እናቱ በየቤቱ እየሄዱ አረጋውያንን የሚያስታምሙ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። እንደ እኔ ከአምልኮ በኋላ ቶሎ ወደ መኪናቸው የሚሄዱ ስለነበሩ ብዙ ጊዜ ፓርኪንጉ ውስጥ በአንገት ሰላምታ እንሰጣጥ ነበር።

ጥሎሹ የመጣው ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን፣ እሑዱን ከአምልኮ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ አክስቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተጨናንቀን ቆምን። ሚዜው ሻንጣውን ከፍቶ እያንዳንዱን ነገር ለሁሉም እንዲታይ ከፍ ያደርጋል። ቀሚሱ ሲወጣ እልል ተባለ፤ ጫማው ሲወጣ እልል ተባለ። ሁሉም የሚጠብቀው ግን መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ወርቅ ነበር። ሚዜው ትንሿን ሳጥን ከፍቶ ያወጣው የሉል ሐብል ነው። እልልታው ተጀምሮ መሃል ላይ ቆመ።

«ምንድነው እሱ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«ፐርል ነው፣ አባባ።»

«ጥሩ፣ ጥሩ። ወርቁስ?»

ሚዜው ባዶውን ሻንጣ አየ። የሙሽራው እናት ምንጣፉን ያያሉ። ሌላው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ተቀብለናል፤ እግዚአብሔር ይባርከው» አሉና ወደ ምግቡ ተኬደ።

እንግዶቹ ወጥተው በሩ እንደተዘጋ አክስቴ ጮኸች።

«ዶቃ! ልጄን በዶቃ!»

«ማሚ፣ ዶቃ አይደለም፣ ፐርል ነው» አለች ልጇ። «ማለቴ፣ እኔ ላይክ አድርጌዋለሁ። ሶ ምንድነው ፕሮብሌሙ?»

«ፕሮብሌሙማ ይኸው! ቢጫ ነው። የማን አንገት ላይ እንዳረጀ እንኳ አይታወቅም።»

«ቪንቴጅ ነው፤ ሲያረጅ ነው የሚወደደው።»

«ቪንቴጅ አትበይኝ! እኔ ስዳር የታሰረልኝ ወርቅ እስከ ዛሬ አንገቴ ላይ ይከብደኛል። ይኼ ላባ ነው፤ እዪው እስቲ።» ሐብሉን መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ እያደረገች መዘነችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ ቀኑን ሙሉ ከዚህ ጋር የምትውዪው፣ እስቲ ዛሬ እንኳ ተናገሪ። እውነተኛ ነው?»

ተቀበልኳት። ከላያችን የሚበራው አምፖል ቢጫ ነበር። ጥርሴ ላይ ልፈትገው አሰብኩና ዕቃ ሊያጥቡ በቀሩት ሴቶች ፊት የሙሽራ ሐብል አፌ ውስጥ መክተት አሳፈረኝ።

«ጠዋት ልየው» አልኩ።

«ጠዋት? ለምን፣ አሁን ተኝቷል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሐብሉን ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ሳይነጋ ወደ ሥራ ስወጣ ለባለሱቋ እንዳሳያት ልውሰደው ብዬ አክስቴን ለመንኳት። «በአውቶቡስ? ለዶቃ ብለሽ ልትዘረፊ!» ብላ ከለከለችኝ። ቀኑ የአክስቴ የእረፍት ቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ወጥ ቤት ውስጥ መዝሙር እያንጎራጎረች አገኘኋት። ጠረጴዛው ላይ የተጨመቁ ሎሚዎች ተከምረዋል፣ አጠገባቸው የቤኪንግ ሶዳ ካርቶንና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አለ። ሐብሉ ፎጣ ላይ ተጋድሟል።

«ነይ ነይ፣ እዪ!» አለችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ዘፍዝፌው እንዴት እንደነጣ! ወርቄንም ብሬንም እንዲህ ነው የማጸዳው። ቢያንስ ሰው ፊት አያሳፍረንም።»

አነሳሁት። በርግጥም ነጥቷል፤ የነጣው ግን እንደ ጠመኔ ነበር። መስኮቱ ጋ ወስጄ ያዝኩት። የቴክሳስ ፀሐይ ፊት ለፊት እያበራች ሳለ ሉሎቹ ውስጥ ምንም አይታይም። ጣቴ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ያለው ሎሚም ወተት መስሏል።

«ምነው?» አለች አክስቴ።

«ሉል እንደ ድንጋይ አይደለም» አልኳት። «እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው። ሎሚ ይበላዋል።»

«ይበላዋል ማለት?»

«ላይኛውን ልብሱን በልቶታል። የሚያበራው እሱ ነበር።»

ፎጣውን አየች፣ ሳህኑን አየች። «እና ዶቃ አልነበረም ማለት ነው?»

«ዶቃ ቢሆን ሎሚው እንዲህ አያደርገውም ነበር።»

አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት እሷን ስትፈራ አይቼ አላውቅም። «ኢየሱስ!» አለች ቀስ ብላ። «የሴትየዋን ንብረት አጠፋሁ። ቅዳሜ ልጄ አንገት ላይ ሲፈልጉት ምን ልበላቸው? በዶቃ ሰድቤያቸው፣ ደግሞ አበላሽቼባቸው!» ቆይታ ደግሞ «ለሙሽራዋ እንዳትነግሪ» አለችኝ። እኔ ለማን ምን እነግራለሁ?

በማግስቱ ጠዋት በፈረቃዋ ሰው ተክታ በመኪናዋ ወሰደችኝ። በሚያዝያ ዝናብ የታጠበ፣ ጥርት ያለ ብርሃን ነበር። ባለሱቋ ሐብሉን ግራጫው ትሪ ላይ ዘረጋችው። ክሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች።

«ሎሚ?» አለች።

አክስቴ አስተማሪ ፊት እንደቆመች ሕፃን ራሷን ነቀነቀች። ባለሱቋ አልተቆጣቻትም። አንዲት ደንበኛ አንድ ጊዜ ቀቅላው እንደመጣች በእጇ እያሳየች ነገረችን፤ አክስቴ ግን መሳቅ አልቻለችም።

ክሩን ቆርጠን ሉሎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ሎሚው ውስጥ ከታች የነበሩት ሙሉ በሙሉ ደርቀዋል። ከላይ የነበሩት ግን ግማሽ ፊታቸው ተርፏል። በለስላሳ ቆዳ ለረጅም ሰዓት ስናሻቸው ከጥቂቶቹ ውስጥ መስኮቱ፣ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን፣ ተመልሶ መጣ። በማጉያው ቀዳዳቸውን ስታሳየኝ ሽፋናቸው ወፍራም ነው፤ በዘመናቸው እጅግ ጥሩ ሉሎች ነበሩ።

«የሞቱትን በሌላ ትተካልን» አለችኝ አክስቴ። «ማን ያውቃል? ንገሪያት።»

ባለሱቋ መሳቢያዋን ከፍታ ቢመሳሰሉ ብላ አዳዲሶቹን አሮጌዎቹ አጠገብ ደረደረች። እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። አዲሶቹ እጄ ላይ ሲያበሩ አሮጌዎቹ ይበልጥ ሞቱ። አንዷን አንስታ ሌላዋን ስታኖር፣ ያንንም ስትመልስ ቆየችና መሳቢያዋን ዘጋችው። «እንግዳ» አለች። «እነዚህ እንግዳ።»

ያለን መንገድ አንድ ብቻ ሆነ። ደህናዎቹን ወደ ፊት ማምጣት፣ የደበዘዙትን ከኋላ ፀጉር ሥር መደበቅ፣ ጨርሶ የሞቱትን ማውጣት። ሐብሉ ያጥራል። ያን ሳምንት በየጠዋቱ የሠራሁት እሱን ነው። የእያንዳንዷን ደህና ፊት ወደ ውጭ አዙሬ ቋጠሮውን አጠብቅባታለሁ፣ ተመልሳ እንዳትዞር። ቋጠሮዬን አንድ ጊዜም አልቆረጠችብኝም። አክስቴ ስለ ዋጋው ስትጠይቃት ግን እውነቱን ነገረቻት፤ ለመሸጥ ከሆነ ከእንግዲህ ማንም ጥሩ ዋጋ አይሰጥበትም።

ቅዳሜ ሙሽራዋን ያለበስናት ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጎን ባለችው የሕፃናት መማሪያ ክፍል ነው። ትንንሽ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተነከሩ የልጆች መዳፎች። ሐብሉን እኔ ላስርላት ስል በሩ ተንኳኳና የሙሽራው እናት ገቡ።

«ካልከበዳችሁ» አሉ «ሐብሉን እኔ ላስርላት ብዬ ነው።»

አክስቴ የያዘችውን የፀጉር ፒን ጣለች። «ይግቡ፣ እህቴ፣ ይግቡ» አለች።

ሐብሉን ተቀበሉኝ። ሳያዩት በጣታቸው ብቻ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሄዱበት። ከኋላ በኩል ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ሻካራ ነበር እዚያ ጋ፤ የቱንም ያህል ባሸው ሊለሰልስልኝ አልቻለም።

«አጥሯል» አሉ።

ፊታቸው ቀስ እያለ ሲቀላ አየሁ።

«አስመረመራችሁት» አሉ። «ሐሰተኞቹን አወጣችኋቸው። ልክ ናችሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር።» አንዷ የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው መጣ። «የማስታምማቸው ነጭ ሴትዮ ነበሩ። አንድ ቀን ከአንገታቸው አውልቀው፣ ልጅሽ ሲያገባ ብለው ሰጡኝ። ወርቄን ሥራ ሲቀነስብኝ ሸጬዋለሁ፤ ከዚህ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። እውነተኛ ይሁን አይሁን ላስየው እያልኩ ሱቅ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ሐሰተኛ ነው ቢሉኝ ምን እሰጣለሁ ብዬ።»

«ማሚ?» አለች ሙሽራዋ። «ኋት ኢዝ ሺ ቶኪንግ አባውት? ማነው ያስመረመረው?»

የሙሽራው እናት ግን የሚያዩት እኔን ነበር። «ልጄ፣ አንቺ እዚህ ሥራ ላይ ነሽ አሉ። ስንቶቹ ናቸው እውነተኛ? አትፍሪ፣ ንገሪኝ።»

«ሁሉም» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ሁሉም እውነተኛ ናቸው። የወጡትም።»

«በምን አወቅሽ?»

ጥርሴ ላይ ፈትጌያቸው ነበር፣ በማጉያም አይቻቸዋለሁ። ይህን ብቻ ብል ውሸት አይሆንም ነበር። ግን ታዲያ ለምን ወጡ ይሉኛል። አክስቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አኖረች።

«እሷን ይተዉዋት፣ እህቴ» አለች። «ያወቅነው በእኔ ጥፋት ነው። ቢጫ መሰለኝና ላጸዳው ብዬ በሎሚ ዘፈዘፍኩት።»

«በሎሚ?»

«በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ። በብሩሽም ፈተግኩት።»

የሙሽራው እናት ሐብሉን አንሥተው አዩና ወደ እሷ ዞሩ። እስከዚያን ቀን አክስቴን ከ«እርስዎ» በቀር ብለዋት አያውቁም።

«ምነው አንቺ» አሏት «ዶሮ መሰለሽ እንዴ?»

መጀመሪያ የፈነዳችው ሙሽራዋ ናት፤ የተኳኳለችው ሁሉ እንዳይበላሽ ዓይኗን በሁለት ጣቶቿ ይዛ «ማሚ፣ ኖ! ዶሮ!» እያለች ተንፈራፈረች። ከዚያ አክስቴ። አክስቴ ሳቋና ልቅሶዋ ተቀላቅሎ ግድግዳው ላይ የልጆቹን መዳፎች ተደግፋ ቀረች። የሙሽራው እናት አልሳቁም፤ ግን ከንፈራቸው ዳር ላይ አንድ ነገር ነበር።

«ጨው አልጨመርሽበትም?» አሏት።

«ተይኝ በናትሽ» አለች አክስቴ።

ከአዳራሹ ፒያኖው ተሰማ፤ ሊጀመር ነው። የሙሽራው እናት ከወንበሩ ተነሥተው ሐብሉን ሙሽራዋ አንገት ላይ አሰሩ። ከፊት በኩል የነበሩት የመስኮቱን ብርሃን ያዙ። እንደ ድሮው አይሆንም፣ ግን ያዙ። አንገቷን ዳበስ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«የወጡትስ የት አሉ?»

በትንሽ ወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣቸው ነበር። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ከፍተው መዳፋቸው ላይ አፈሰሷቸው። ጠመኔ የመሰሉ፣ ሻካራ፣ አንዱም ብርሃን የማይመልስ። ለመጣል ይሆናል ብዬ ቆሻሻ መጣያውን በዓይኔ ፈለግኩላቸው። እሳቸው ግን አንዷን አንስተው እንደ ባለሱቋ መስኮቱ ፊት ያዟትና ምንም እንደማይታይባት እያወቁ ትንሽ ቆዩ።

«እነዚህ ለእኔ ይሁኑ» አሉ።

ወረቀቱን መልሰው አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና የአክስቴን ክንድ ነካ አደረጉ። ሁለቱም ሙሽራዋን በመሃል አድርገው ወደ ፒያኖው ሄዱ። እኔ ወለሉ ላይ የወደቀውን የፀጉር ፒን አንሥቼ ተከተልኳቸው፤ ያን ቀን ሰላምታው እስኪያልቅ ድረስ ውስጥ ቆየሁ።